በአለኸኝ ቤት የከረመው እንግሊዝ

ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቁስቋም

ከቁስቋም ማርያም ስንመለስ ምንይችል ሊያገባ መሆኑን ነገረኝ። ደስ አለኝ። የልጅቱ ስም ፀደይ ነው አለ፤ ሸጋ ስም። አባቷ አዳነ ይባላል፣ አምባ ጊዮርጊስ እህል ይነግዳል አለ፤ ይህም መልካም። አያቷን «ወለተሩፋኤል አለኸኝ» ብሎ ሲጠራ ግን በእጄ የያዝሁት የጠበል ጠርሙስ አምልጦኝ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ።

«አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?»

ፀሐዩ ነው አልሁት።

ምንይችል የልጄ የታየች ልጅ ነው፤ በከተማችን የታወቀ አስጎብኚ። ባለፈው ዓመት እቤቴ ያመጣት እንግሊዛዊት እመቤት፣ ሮዛሊንድ የምትባለው፣ በእርጅናዬ አንድ የቤት ሥራ ሰጥታኝ ሄዳለች። ቶርንሜር የሚባለውን የመኳንንት ቤተ ሰቧን ታሪክ በመጽሐፍ እያዘጋጀች ነው። ምዕራፉ ሁሉ ሞልቶ አንዱ ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ የአጎቷ የካፒቴን ኤድመንድ የመጨረሻ ወራት። ካፒቴኑ ከአርበኞች ጋር ጣሊያንን ሊወጋ ወገራ ገብቶ ቆሰለ። የ1933ን ክረምት በአንድ ገበሬ ቤት ከረመ። ድኖ ተነሣ፤ ኅዳር ላይ በጎንደር ውጊያ ሞተ። በማን ቤት ከረመ? ማን አስታመመው? ምን ሲያወራ፣ ምን ሲያልም ዋለ? ወገራ ተወልጄ፣ በልጅነቴ ለትምህርት ጎንደር ገብቼ፣ ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የፈጀሁት እኔ እንድጽፍላት ለመነችኝ። እሽ አልኋት። ዓመት ሆነ፤ አንድ መስመር አልጻፍሁም።

ኅዳር 8

ቆጠርሁ። ከሥር ጀምሬ ደግሜ ቆጠርሁ። አምስተኛ ቤት ናቸው።

ኅዳር 9

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ሥርዓት ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ አይጋባም። ቀኛዝማች ሰውአገኝ የእናቴ አያት ናቸው፤ የአለኸኝም አያት ናቸው። ከእሳቸው ልጆች ተነሥተን ስንቆጥር የእኔ የልጅ ልጅ አምስተኛ ቤት ነው፤ የወለተሩፋኤልም የልጅ ልጅ አምስተኛ ቤት ናት። ይገናኛሉ ማለት ነው።

ቆጠራው ደግሞ የእኔ ግዴታ ነው። ከአጎቴ የወረስሁት ሌላ ንብረት የለም፤ ይህ ብቻ ነው። ቆጣሪው በሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ፊት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ትውልድ የጋቢውን ዘርፍ አንድ ጊዜ ይቋጥራል። ሰባት ሳይሞላ ሐረጉ ከተገናኘ ሽማግሌዎቹ ምሳ ሳይቀምሱ ይነሣሉ። ማንም አያለቅስም፤ ማንም አይሟገትም። ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ ውብ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ማታ

የቶርንሜርን የትውልድ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አመሸሁ። ግንዱ አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የበኩር ወንድ ልጅ ማዕረጉንም ምድሩንም ጠቅልሎ ይወርሳል፤ ሌሎቹ በግራና በቀኝ አጫጭር ቅርንጫፍ ሆነው ይደርቃሉ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። ካፒቴን ኤድመንድ በኩር ነበር፤ ያለ ልጅ ስለ ሞተ ማዕረጉ ወደ ታናሽ ወንድሙ፣ ወደ እመቤት ሮዛሊንድ አባት ዞረ። ከስሙ በታች ባዶ ነው።

የእኛ ዘር ዛፍ አይደለም፤ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ነው። በእናትም በአባትም ይቆጠራል። ሴቲቱ እንደ ወንዱ ርስት ትካፈል ነበር። ስለዚህ ማንም ከማንም አይርቅም፤ ሁሉም የሁሉ ነው። የእነርሱ ሥርዓት ሰውን ከመሬቱ ይለያል፣ የእኛው ደግሞ ሰውን ከሰው። ይህን ዐረፍተ ነገር ለምን እንደ ጻፍሁት አላውቅም፤ ነገ እሰርዘዋለሁ።

አንድ የማውቀው ተማሪ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ለጥምቀት ወደ አገሩ ወጥቶ ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ላከ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ዘርፍ ተቋጠረ፤ በሦስተኛው ቤት ተገናኙ። ተማሪው ኮፍያውን አደረገና በእግሩ ወደ ጎንደር ወረደ። ጉም ስለ ነበረ መንገዱን አላየውም፤ ጉሙ ውስጥ የበግ ደወል ይሰማ ነበር፤ በጎቹ ግን አይታዩም። አሁንም በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳሸልብ ያ ጉም ይመጣብኛል። የተማሪውን ጉም ማለቴ ነው።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ምዕራፉን አልጀመርሁም፤ ቆጠራውንም ለማንም አልተናገርሁም። ምንይችል ደጋግሞ ይደውላል። «አባባ፣ ሽማግሌ መቼ እንላክ?» ሰርጉን ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሊያደርጉት አስበዋል። ገና ይለፍ አልሁት። የሚፈራ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ታየች ማእድ ቤት ሆና ከእኅቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የተኛሁ መስሏታል። «አባባ ያረጃሉ እንጂ አይረሱም። ያቺ ሴትዮ ስሟ እናታችን እያለች በዚህ ቤት ተጠርቶ ያውቃል?» አለች። ከዚያ ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «እኔማ ምን ብዬ እጠይቃቸዋለሁ! ፈራሁ» አለች።

ምን ማለቷ እንደ ሆነ አልገባኝም። ባለቤቴ የትነበርሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስለ ማንም ክፉ የማትናገር ሴት ነበረች።

ኅዳር 27

ለምዕራፉ ሥራ ብዬ በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ወለቃን ስናልፍ የሸክላ ሻጮቹ ጀበናቸውን ፀሐይ ላይ ደርድረው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ደጋ ላይ ነኝ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። የወገራ ብርሃን እንደ ድሮው ነው፤ ሩቁን ያቀርባል፣ ቅርቡን ያርቃል።

አያ የሻው ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል። እንግሊዙን ያየ በሕይወት ያለ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እንግሊዙን? አውቀዋለሁ እንጂ! እግሩን ተመቶ በቃሬዛ ሲያመጡት በሩን የከፈተችለት የአለኸኝ ሚስት ውዴ ናት። አለኸኝ ጎጃም ዘምቷል። ቤቱ ሰፊ ነው ተባለና እዚያ ከረመ።»

እጄ ላይ ያለው እስክርቢቶ ከበደኝ። በዚያ ቤት መሆኑን አላውቅም ነበር። «ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ አያ የሻው?»

«ሸጋ ነበር። በሶ አንቆት ሊሞት ደረሰ እንጂ ሸጋ ነበር። ጠላ ሲጠጣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው። እኛ ልጆቹ በግድግዳው ቀዳዳ እያየን እንስቃለን፤ ውዴ በዘነዘና ታባርረናለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መስቀል ሲደርስ በምርኩዝ መሄድ ጀመረ። ውዴም መሣቅ ጀመረች።» ዐይኔን አዩት። «ምነው አፈጠጥህብኝ? ጻፍ እንጂ፣ አንተ ተማሪ!»

ጻፍሁ።

«አለኸኝ መቼ ተመለሰ?»

«ለፋሲካ። በግ እየጎተተ።» ከዚያ ወዲያ ስለ ወገባቸው ሕመም ብቻ አወሩኝ።

ወደ አውቶቡሱ ስመለስ ከጊዮርጊስ ደጅ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት ግንቡን ስትሳለም አየሁ። ጀርባዋን ነው ያየሁት። ጀርባዋን ብቻ። አልቀረብሁም።

ታኅሣሥ 3፣ በዓታ

ምዕራፉን ጀመርሁ። ቀኖቹን በተራ አሰፈርሁ። ካፒቴኑ በነሐሴ ቆስሎ ገባ። ለመስቀል ተነሣ። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ጦሩ ተመለሰ። በኅዳር ሞተ። የቤቱ ባለቤት አለኸኝ በዚያው ዓመት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ለፋሲካ ከጎጃም ተመለሰ።

ለሥራዬ የማይጠቅም አንድ ነገር። ወለተሩፋኤል ክርስትና የተነሣችው በጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት ነው፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ዓመቱም ያው 1934። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው።

መብራት ጠፋ።

ታኅሣሥ 4

አይደለም። ይህ የሽማግሌ ቅዠት ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ አላውቅም።

ታኅሣሥ 7፣ ሥላሴ

ምንይችል ፀደይን ይዞ መጣ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ፈጣን ልጅ ናት። ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ዐይኗን አየሁት፤ ዐመድማ ነው፤ እንደ ወገራ ጧት። ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ። የት እንዳየሁት አልጽፍም።

ነገርኋቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? አምስተኛ ቤት ናችሁ አልኋቸው።

ምንይችል ሣቀ። «አባባ፣ እኔ ፈረንጅ ሳስጎበኝ የነገሥታቱን ዘር ሁሉ እቆጥራለሁ። የራሴን የሚቆጥርብኝ ሰው ግን በዚህ ዘመን መኖሩን አላወቅሁም።»

«አትሣቅ» አለችው ፀደይ። «አባቴ በሽማግሌ ፊት ሳይቆጠር አይመርቀኝም። ሳልመረቅ ደግሞ እኔ ከቤቱ አልወጣም።» ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ አይሆንም ከሆነ ዛሬውኑ ይንገሩን። ልብስ አሰፍቼ፣ ሰው ጠርቼ አይሁን።»

«ገና በሽማግሌ ፊት አልቆጠርሁም» አልሁ።

«ቆጥረዋል እንጂ፤ ፊትዎ ላይ አለ» አለችኝ።

ሲወጡ በረንዳው ላይ ምንይችል ሲናገር ሰማሁ። «አልተዋትም፣ አባባ» ለማለት የመጣ ልጅ፣ «ካልሆነ አንቺ እንዳትጎጂ» ይላት ነበር። እንዴት ያለ የዋህ ልጅ ነው። ማንን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እንዳይመስለውም እሰጋለሁ።

ታኅሣሥ 12

ሄድሁ።

ከቤቷ ጓሮ፣ ከገብሱ ክምር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ወለተሩፋኤል። ቀና ብላ አየችኝ።

«መጣህ?» አለች፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።

«መጣሁ።»

«አረጀህ።»

«አንቺም።»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ምርኩዝ የያዝኸው አንተ ነህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አምስተኛው ቤት ነገርኋት። ምስሯን መልቀሟን አልተወችም።

«ስለ እንግሊዙም ትጠይቃለህ አሉ። አያ የሻው ምላሳቸው አያርፍም።»

«እሱ ለመጽሐፍ ነው።»

«ሁለቱን በአንድ አቁማዳ ተሸክመህ መጥተህ ለየብቻ ልታወራኝ ነው?»

ጭድ በነፋስ እየተነሣ ወርቅ መስሎ ያርፍብን ነበር። ትከሻዋ ላይ ያረፈውን ላነሣላት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብሁት።

«እናቴ የነገረችኝ አንተ ሽማግሌ በላክህ ሳምንት ነው» አለች። «‹የአለኸኝ ልጅ አይደለሽም። ብትፈልጊ ተናገሪ፣ ብትፈልጊ ዝም በይ› አለችኝ። ዘርፉን ሲቋጥሩ እንግዲህ አውቅ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«አለኸኝ ወይራው ሥር ተቀምጦ ነበርኮ፤ አላየኸውም? ከጎጃም ሲመጣ እናቴን በዚያ ሁኔታ አግኝቶ አንዲት ቃል ያልተናገረ ሰው ነው። በጉን አርዶ፣ ‹ብይ እንጂ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው› ያላት። እኔን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳደገኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ይህ አባቴ አይደለም› ልበል? አንተን ለማግባት?»

ይህን ያለችው በምሬት አልነበረም። እንደ ምስሩ አንድ በአንድ እየለቀመች ነው።

«አንተስ ለምን አልጠየቅህም?»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አንድ ነገር። ‹ደግማችሁ ቁጠሩ› አይባልም? ተማሪ ነበርህ፤ የተባልኸውን አመንህ። ኮፍያህን አድርገህ ሄድህ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ጉሙ ውስጥ እስክትገባ አየሁህ።»

ምርኩዜን ሳብሁ።

ልነሣ ስል፣ «አለኸኝ አሁን የለም» አለች። «ልጄ አዳነ ግን አለ፤ የሚምለው በአለኸኝ ነው። ይህን ቢሰማ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንተ ቁጠር፤ የምታቆምበትን አንተ እወቅ።»

«ወለተሩፋኤል፣ ይህን እኔ ላይ አትጣዪው።»

«ኧረ ያዝልኝ! ስድሳ ዓመት ብቻዬን ነው የያዝሁት፤ አንድ ቀን ቢከብድህ ምን አለበት?»

ታኅሣሥ 14

አልጻፍሁም። አልበላሁም። ታየች ሐኪም እንጥራ አለች።

ታኅሣሥ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ወደ የትነበርሽ መቃብር ሄድሁ። ከአንቺ ጋር የኖርሁት ኑሮ የተረፈ ቁራሽ አልነበረም አልኋት። እውነት ነው። እውነት መሆኑን ግን ለምን ዛሬ መናገር አስፈለገኝ? ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው፤ እንደ ሁልጊዜዋ ክፉ አልተናገረችኝም።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ቀን በረንዳው ላይ አሸለብሁ። በሕልሜ የአለኸኝ ቤት ነበርሁ። ዝናብ ነው። አንድ ረጅም ሰው መደብ ላይ ተኝቶ ዐይኑን ጨፍኖ ጠላ ይጠጣል። «ጌታዬ፣ እርስዎ ያለ ልጅ አልሞቱም» አልሁት በእንግሊዝኛ። ዐይኑን ገለጠ፤ ዐመድማ ነበር። በአማርኛ፣ በወገራ አማርኛ፣ «ምነው ዘገየህ?» አለኝ።

ስነቃ ጥላው ወደ ግድግዳው ወጥቶ ነበር።

ታኅሣሥ 22

እመቤት ሮዛሊንድ ጻፈችልኝ። ለጥምቀት ትመጣለች። «ከዚያ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ካለ እጁን ልጨብጥ እመኛለሁ» ትላለች። ምዕራፉን ትጠብቃለች። ምንይችል ቆጠራውን ይጠብቃል። አዳነ ሽማግሌ ይጠብቃል። እኔም ሁሉም እንዲጠብቁ አደርጋለሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ሌላ ሥራ የነበረኝ አይመስለኝም።

ሁለቱን መንገዶች አመዛዘንሁ። አለኸኝን ከቋጠርሁ እውነት ባልሆነ ነገር ሁለት ልጆች ይለያያሉ፤ እንዴት እንደሚለያዩ ደግሞ አውቃለሁ። ካልቋጠርሁ አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን የጠበቀችውን የአንድ ደግ ሰው ስም በሽማግሌ ፊት እጥላለሁ፣ ልጇንም ያለ አያት አስቀራለሁ። ለመዋሸትም ለመናገርም ፈቃድ የለኝም። እናት እውነት፣ አባት እምነት ይላሉ የእኛ ሰዎች። አለኸኝ ይህን ከሁላችን ይልቅ ያውቀው ነበር።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቆጠራው በጥር ግዝረት ዕለት እንዲሆን ተስማሙ። አምባ ጊዮርጊስ።

ጥር 6፣ ግዝረት፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፍ።

ከወይራው ሥር ተቀመጥን። በአንድ ወገን ምንይችልና ታየች ከእኛ ዘመዶች ጋር፤ በሌላው ወገን አዳነ፣ ወፍራም፣ ጠንቃቃ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ የተከናነበ። መካከል ላይ አያ የሻው። የእነርሱ ወገን ሴቶች ከግንቡ ሥር ናቸው፤ ወለተሩፋኤል ከፀደይ ጎን ተቀምጣለች።

ጋቢዬን ሰበሰብሁ። የእኛን ወገን ቋጠርሁ፤ ከአያቴ ጀምሬ እስከ ምንይችል አምስት ቋጠሮ። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ይዤ ከልጅቱ ወደ ላይ ጀመርሁ። ፀደይ። ቋጠርሁ። አዳነ። ቋጠርሁ። ወለተሩፋኤል። ቋጠርሁ።

ጣቴ ቆመ።

ነፋሱ ወይራውን ያንሿሽሸዋል። ሁሉም አፌን ያያሉ። ልቋጥር ብል ጣቴ አልታዘዝ አለ፤ ልናገር ብል ምላሴ። ሽማግሌ ተብዬ፣ የቃል ሰው ተብዬ፣ በዚያች ሰዓት የትም አልነበርሁም፤ ጉም ውስጥ ነበርሁ።

«ወልዴ፣ እንቅልፍ ወሰደህ?» አሉ አያ የሻው። ሰው ሣቀ።

ከግንቡ ሥር ድምፅ መጣ። «አለኸኝን ቋጥረው።»

ወለተሩፋኤል ተነሥታ ቆማለች። ሴት በቆጠራ መካከል አትናገርም፤ ማንም ግን አልከለከላትም።

«ቋጥረው፣ ወልደኢየሱስ። ስሙ ይጠራ።»

«አለኸኝ» አልሁና ቋጠርሁ። አዳነ ራሱን ነቀነቀ። ታየች ዐይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወለተሩፋኤል በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ መጣችና ፊቴ በርከክ አለች። የጋቢዬን ጫፍ ያዘች። ጣቷ እንደ እኔ አልቆመም። ያንን አንዱን ቋጠሮ ፈታችው።

«አለኸኝ አሳደገኝ» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ለሁሉም። «አልወለደኝም። እሱም ያውቅ ነበር፤ እናቴም ነግራኛለች። የወለደኝ በቤታችን የከረመው እንግሊዝ ነው። በዚህ በኩል ሐረጉ ከሰውአገኝ ቤት አይደርስም። በደብሩ ፊት እምላለሁ።»

አንድ ልጅ ሲያስነጥስ ተሰማ።

«እማ!» አለ አዳነ። ብድግ ብሎ ከወይራው ኋላ ሄደ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ እናያለን። ፀደይ ልትከተለው ስትል ወለተሩፋኤል በእጇ ከለከለቻት።

አያ የሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለኸኝን እኔ አውቀዋለሁ። በጉን ያረደ ቀን እኔም ጉበት ደርሶኛል። እሱ እያወቀ ዝም ያለውን እኛ ዛሬ ሰምተን ምን እንጎዳለን?»

አዳነ ተመለሰ። ዐይኑ ቀልቷል። እናቱ ፊት ቆመ። «በአለኸኝ እምል ነበር» አለ። «ነገም በአለኸኝ ነው የምምለው።»

«እኔስ በማን የምምል መሰለህ?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ አነሣትና ወደ እኛ ዞረ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ምሳው ይቅረብ።»

በላን። የበላሁትን አላስታውስም።

ጥር 13

እመቤት ሮዛሊንድ የጥምቀትን በዓል አይታ ትናንት እቤቴ መጣች። ወለተሩፋኤልንም አዳነ አምጥቷት ነበር። ሁለቱን አሮጊቶች ፊት ለፊት አስቀምጬ መካከል ሆንሁ። ተያዩ። ሮዛሊንድ እጇን ዘርግታ የወለተሩፋኤልን ጉንጭ ነካች፤ ከዚያ የራሷን።

«የአባቷ ታናሽ ወንድም ልጅ ነኝ በላት» አለችኝ። ከዚያ ተጨነቀች፤ ማዕረጉና ቤቱ በሴት እንደማይተላለፍ፣ ያለ ጋብቻ ለተወለደም ሕጉ ቦታ እንደሌለው፣ ይህም እንደሚያሳፍራት በረጅሙ ነገረችኝ።

«ምን አለች?» አለች ወለተሩፋኤል።

«ማዕረጉ በሴት አይሄድም አለች።»

«ምስኪን! እሷም አልደረሳትማ።» አሰበችና፣ «እኛ ዘንድ ሴት ርስት ትካፈል ነበር በላት፤ አትዘን፣ ወገራ ብትወለድ ይደርሳት ነበር» አለች።

ተረጎምሁ። ሮዛሊንድ እንባዋ እየወረደ ሣቀች። ወለተሩፋኤል ከቶርንሜር ቤት የምትፈልገው ነገር እንዳለ እንድጠይቃት ነገረችኝ።

ወለተሩፋኤል ጥያቄውን የጠበቀችው ይመስል ወዲያው መለሰች። «የክርስትና ስሙን። ቄሱ ለሙታን ሲጸልዩ የሁሉንም አባት በስም ይጠራሉ። እኔ በልቤ ‹ያ ሰው› ብቻ ነው የምለው። ካፒቴን ስም አይደለም።»

«ኤድመንድ» አለች ሮዛሊንድ።

«ኤድመንድ» አለች ወለተሩፋኤል። ሦስት ጊዜ አለችው። «ቄሱ አንደበታቸው እንቢ ይላል።»

«ይለምዱታል» አልሁ።

ማምሻውን ምዕራፉን ጨርሼ ለሮዛሊንድ ሰጠኋት። ስለ አለኸኝና ስለ በጉ ከካፒቴኑ ይልቅ አብዝቼ ጽፌያለሁ። መኳንንት የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሜያለሁ፤ እሱንም ለአለኸኝ።

ጥር 20፣ እሑድ

ሰርጉ ሆነ። ምንይችል በሱፍ ልብሱ ላይ ካባ ደርቦ የነገሥታቱን ሥዕል መስሏል። ፀደይ ካባውን እየረገጠች ትሥቅበታለች።

በሥርዓቱ የሁለቱ ወገን አንጋፋዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከእኛ ወገን እኔ፣ ከእነርሱ ወገን እሷ። አንድ ወንበር ላይ አንድ ጋቢ ተደረበልን። አያ የሻው ብርሌያቸውን ይዘው አልፈው ሲሄዱ ቆሙና ሁለታችንን አዩን። «ኧረ በቃ! ስድሳ ዓመት ሙሉ ዘመድ ናቸው እያልን ለያየናቸው፤ ዘመድ አይደሉም ሲባል ደግሞ ዛሬ ተዛመዱ!» ብለው እየሣቁ ሄዱ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ታየችም ሣቀች፤ ከዚያም ወደ እኔ አየችና ሣቋን ተወች፤ መጥታ እጄን ሳመች።

ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ መጡ። መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የእኔን ሳሙና ምርቃት ሊቀበሉ እንዳጎነበሱ ቆዩ። ዕድሜዬን ሁሉ ንግግር ሳደርግ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት የግእዝ ምርቃትም ነበረኝ። አንዲት ቃል አልመጣልኝም። የልጅቱን አንገትና የልጁን የተላጨ ማጅራት እያየሁ ቆየሁ። ዘፈኑም ቆመ። ሰው ይጠብቃል።

ወለተሩፋኤል ከጋቢው ሥር በክርኗ ጎሰመችኝ።

«በል እንጂ፣ ወልዴ» አለች ቀስ ብላ። «ልጆቹ ጎንብሰው ቀሩኮ።»

መረቅሁ።